ሰረዝን እንጂ አልፋቅንም

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከመካከላችን የአንዷ ስልክ ጮኸ። (ስሟን አንናገርም፤ ይህን ጽሑፍ የምትተይበዋ ናት ብላችሁ ብትጠረጥሩ ግን አንቀየማችሁም።) ቁጥሩ አይታወቅም።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«አያውቁኝም። በቅርቡ ላፕቶፕ ሸጠው ነበር?»

«አዎ… ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?»

እኛ እንኳን «ብሬን መልሱልኝ» ሊል ነው ብለን ነበር።

«ኧረ ላፕቶፑ ደህና ነው። ውስጡ የሰው ድምፅ አግኝቼ ነው። አንዲት ሴት ናት፣ እያለቀሰች ታወራለች። ትንሽ ሰምቼ ዘጋሁት። ስልክዎን እዚያው ካገኘሁት ሲቪ ላይ ነው የወሰድኩት። ምን ባደርገው ይሻላል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችንን የሠራነው ከአረብ አገር በተመለሱ የቤት ሠራተኞች ላይ ነበር። ካነጋገርናቸው ሴቶች አንዷ ሦስት ጊዜ ቀጥራን ሦስት ጊዜ ቀረች። በአራተኛው መጣች። መቅረጫውን ከመክፈታችን በፊት እጃችንን ይዛ «ስሜ እንዳይወጣ። ድምፄንም ካንቺ ሌላ ሰው እንዳይሰማው። እናቴ ሠርታ መጣች ከማለት ሌላ የምታውቀው ነገር የለም። አደራ በምድር፣ አደራ በሰማይ» አለችን።

አደራውን ጠበቅን። ቢያንስ የጠበቅን መስሎን ነበር። ስሟን ቀየርን፤ የተወለደችበትን ከተማ አወጣን፤ በቀላሉ ሊያስለያት ይችላል ያልነውን አንቀጽ ሁሉ ተውን። ከዚያ ተመረቅን፣ ሥራ ፍለጋ ወጣን፣ ብር አጠረን፣ ላፕቶፑን በደላላ ሸጥነው።

ዝም ብለን ግን አልሰጠንም። ፎልደሮቹን በሙሉ መርጠን ዲሊት አልን። ሪሳይክል ቢኑን ባዶ አደረግን። ይህም አልበቃን ብሎ ጥገና ቤት ወስደን «ፎርማት ይደረግልን» አልን። ባለሙያው አዲስ ዊንዶውስ ጭኖ አስረከበን። ከፍተን አየነው፤ ከአንድ ሰማያዊ ሥዕል በቀር ምንም የለበትም። ንጹሕ ነው ብለን ሸጥነው።

የገዛው ልጅ የኮሌጅ ተማሪ ነው። አንድ ቀን አሳይመንቱን በስህተት ያጠፋል። ጓደኛው የጠፋ ፋይል የሚመልስ ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ የት የት ልፈልግ ሲለው «ዲስኩን በሙሉ» ይለዋል። አሳይመንቱ ተመለሰ። ከእሱ ጋር የእኛም አራት ዓመት አብሮ ተመለሰ።

ልጁ ጨዋ ሆኖ ደወለ። ባይሆንስ? ስልኩን ከዘጋን በኋላ ሲከነክነን የዋለው ይኸው ነው። የዚያችን ሴት አደራ የጠበቀው የእኛ ጥንቃቄ ሳይሆን የማናውቀው ልጅ ጨዋነት ነው። አደራ ደግሞ በዕድል አይጠበቅም።

መሰረዝ ሌላ፣ መፋቅ ሌላ

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ሁለት ጥሩ ቃላት አሉት። ደብተር ላይ የተሳሳትነውን ቃል ስንሰርዝ መስመር እናሰምርበታለን፤ ቃሉ ግን ከመስመሩ ሥር ይነበባል። የብራና ጸሐፊ ሲሳሳት ግን በስለት ይፍቀዋል። ቀለሙ ይነሣል፤ በቦታው ሌላ ይጻፋል። የኮምፒውተር ዲሊት መሰረዝ ነው እንጂ መፋቅ አይደለም።

ዲስኩን እንደ መጋዘን አስቡት። በሩ ላይ የትኛው ዕቃ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚያሳይ መዝገብ አለ። ዲሊት ስንል ኮምፒውተሩ መዝገቡ ላይ «ይህ ቦታ ተለቋል» ብሎ ይጽፋል። ዕቃውን ግን አያወጣም። ማውጣት ጊዜ ይፈጃል፤ ኮምፒውተር ደግሞ የሚሠራው ለፍጥነት ነው። አዲስ ዕቃ መጥቶ እዚያው መደርደሪያ ላይ እስኪራገፍ ድረስ አሮጌው ባለበት ይቀመጣል። ኩዊክ ፎርማት የሚባለው ደግሞ አሮጌውን መዝገብ ጥሎ ባዶ መዝገብ ማስቀመጥ ነው። መጋዘኑ እንደሞላ ነው። አዲስ ዊንዶውስ ሲጫንም የሚሸፍነው የተወሰነውን መደርደሪያ ብቻ ነው። የፋይል መመለሻ ፕሮግራም ምንም ተአምር አይሠራም፤ መዝገቡን ትቶ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ ያያል፣ ያገኘውን ያመጣል።

በሌላው ዓለምም

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ሲምሰን ጋርፊንክልና አቢ ሼላት የተባሉ የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ከ2000 እስከ 2002 (እ.ኤ.አ.) ድረስ 158 ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮች ገዙ። ውጤቱን በ2003 ሲያወጡ ከሚሠሩት 129 ዲስኮች ውስጥ በትክክል የተፋቁት 12 ብቻ ነበሩ። በቀሩት ውስጥ ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች፣ የሕክምና መረጃዎችና የፍቅር ደብዳቤዎች ተገኙ። አንደኛው ዲስክ በኤቲኤም ማሽን ውስጥ ያገለገለ ይመስል ነበር።

በ2009 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ እንደኛው የጋዜጠኝነት ተማሪ የሆኑ ወጣቶች፣ ከካናዳው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ጋና ገበያ ገብተው ያገለገሉ ዲስኮች ገዙ። በ40 ዶላር ከገዙት ከአንዱ የወጣው የአሜሪካው የጦር መሣሪያ አምራች የኖርዝሮፕ ግሩማን ሰነድ ነው፤ ያውም ከመንግሥት ጋር የተዋዋለባቸው ወረቀቶች። የምዕራቡ ዓለም አሮጌ ኮምፒውተር ወደ አፍሪካ ሲመጣ ምሥጢሩን ተሸክሞ ይመጣል ማለት ነው። እኛ የምንገዛቸው «ከውጭ የመጡ፣ ብዙ ያልሠሩ» ላፕቶፖችም የሆነ ሰው ሕይወት ሳይኖርባቸው አይቀርም።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። ሞርጋን ስታንሊ የተባለው የአሜሪካ የፋይናንስ ድርጅት አሮጌ ሰርቨሮቹንና ዲስኮቹን እንዲያስወግድለት የቀጠረው ዕቃ የሚያጓጉዝና የሚያከማች ድርጅት ነበር፤ መረጃ በማጥፋት ሥራ ልምድ አልነበረውም። ዲስኮቹ የደንበኞች መረጃ እንዳለባቸው ኢንተርኔት ላይ በጨረታ ተሸጡ። ሞርጋን ስታንሊ በ2020 (እ.ኤ.አ.) 60 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2022 ደግሞ ሌላ 35 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ጉዳዩ ወደ 15 ሚሊዮን የሚሆኑ ደንበኞችን ይመለከታል።

«የእኛስ ፎቶ ኮፒ ቤት?» የሚል ካላችሁ ጥሩ ጥያቄ ነው። የአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን በ2010 (እ.ኤ.አ.) አራት ያገለገሉ የፎቶ ኮፒ ማሽኖች ገዝቶ ውስጣቸውን አስፈተሸ። ብዙዎቹ ዘመናዊ የፎቶ ኮፒ ማሽኖች ሃርድ ዲስክ አላቸውና የፖሊስ ሰነድና የሕሙማን መረጃ ወጣ። ማሽኑን የተጠቀመበት የጤና መድን ድርጅት በ2013 ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ። እኛ ደግሞ መታወቂያችንን፣ ዲግሪያችንንና የእናታችንን የሕክምና ወረቀት በየሰፈሩ እያስኮፐን ስንት ዓመታችን ነው?

«እኔ ምን ምሥጢር አለኝ?»

ይህን ስናወራ ከጓደኞቻችን የምንሰማው መልስ ሁሌም አንድ ነው። «እኔ ምን ምሥጢር አለኝ? ባለሥልጣን አይደለሁ፣ ሀብታም አይደለሁ። የእኔን ፎቶ አይቶ ማን ምን ይሆናል?»

እንቀበል፤ የአንተ ምሥጢር የለም። ግን ኮምፒውተርህ ውስጥ ያለው የአንተ ብቻ ነው? ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ልጅ የሰፈሩ ጸሐፊ ነው። የስንቱን ጎረቤት ዲቪ ሞልተሃል? የእያንዳንዱ ሰው ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የልጆቹ ፎቶ እዚያ ነው። የእድሩን የአባላት ዝርዝር የተየብከው አንተ ነህ። የአክስትህን ፓስፖርት ስካን አድርገህ ለኤጀንሲው የላክኸው አንተ ነህ። የወንድምህን የምርመራ ውጤት ውጭ ላለው ዘመድ ያደረስከው አንተ ነህ። እኅትህ ፍላሽህን ተውሳ የሠርጓን ፎቶ አስቀምጣበታለች። ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም «ላፕቶፕህን ስትሸጥ የእኔንም አብረህ ሽጥ» አላሉህም።

ስለዚህ ጉዳዩ የግል ምሥጢር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአደራ ጉዳይ ነው። ሰው የራሱን ገመና ቢያሳይ መብቱ ነው። የሌላውን ገመና ግን በአደራ ነው የያዘው። በተለይ የእኛ ሙያ ልጆች፣ «ምንጫችንን እስር ቤት ብንገባም አናወጣም» እያልን በክፍል ውስጥ የተከራከርን ሁሉ፣ ምንጫችንን በደላላ እጅ አሳልፈን ልንሰጥ እንደምንችል ማንም አልነገረንም። አራት ዓመት ስለ ሥነ ምግባር ስንማር ስለ ሃርድ ዲስክ አንዲት ገጽ አላነበብንም።

መዶሻው ይቆይ

ይህን ታሪክ የሰማ አንድ ወዳጃችን መፍትሔው ቀላል ነው አለን፤ «ዲስኩን በመዶሻ መቀጥቀጥ!» የአሜሪካ ፊልም የሚያይ ሰው ነው።

በእኛ አገር ግን የሚሠራ ዲስክ መስበር ቅንጦት ነው። ያ ኮሌጅ ተማሪ ላፕቶፕ ሊኖረው የቻለው እኛ አሮጌያችንን ስለሸጥን ነው። እኛም የመጀመሪያችንን የገዛነው ከሌላ ሰው ነው። ያገለገለ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ ግማሾቻችን የኮምፒውተር ባለቤት አንሆንም። ዲስክ በደንብ መፋቅ ያለበት ዕቃው ለሌላ ሰው እንዲያገለግል ነው። አባቶቻችን ብራናውን የሚፍቁት መልሰው ሊጽፉበት እንጂ ሊጥሉት አልነበረም።

ቆራሌውንም አንርሳ። «አልነሣም አለ» ብለን ለቆራሌው የምንሰጠው ኮምፒውተር፣ ከዚያም ምናለሽ ተራ የሚደርሰው፣ የሞተበት ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ሊሆን ይችላል። ዲስኩ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢገጠም ቁጭ ብሎ ያወራል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሞተ ማለት መረጃው ሞተ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ዲስኩን አስወጡ።

እንዴት ይፋቃል?

መጀመሪያ የምትፈልጉትን ሌላ ቦታ ገልብጡ። የተፋቀ ነገር አይመለስምና በኋላ እኛን እንዳትረግሙ።

ቀጥሎ ዲስካችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። አሮጌው፣ ሲሠራ የሚያጉረመርመው ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ከዳር እስከ ዳር በላዩ ላይ መጻፍ ነው። ዲባን የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ተጭኖ ኮምፒውተሩን በእሱ በማስነሣት ይህን ይሠራል። ተጨማሪ ወይም ኤክስተርናል ዲስክ ከሆነ ደግሞ በዊንዶውስ ፎርማት ስታደርጉ «ኩዊክ ፎርማት» የሚለውን ምልክት አንሡት፤ ከቪስታ ወዲህ ያለው ዊንዶውስ ያኔ ዲስኩን በሙሉ በዜሮ ይሞላዋል። እንደ ዲስኩ ስፋት ሰዓታት ይወስዳል። መብራት ከሄደ ደግሞ እንደገና ነው፤ ስለዚህ የላፕቶፑን ባትሪ ሙሉ አድርጉ።

«ሠላሳ አምስት ጊዜ ካልተጻፈበት አይጠፋም» የሚሉ ሰዎችም አሉ። ይህ የመጣው ፒተር ጉትማን የተባለ ተመራማሪ በ1996 (እ.ኤ.አ.) ካወጣው ጽሑፍ ነው። እሱ ራሱ በኋላ እንደጻፈው ሠላሳ አምስቱ የዚያን ጊዜ የተለያዩ የዲስክ ዓይነቶችን ሁሉ ለማዳረስ የተቆጠረ ነው፤ ለአንድ ዲስክ ሁሉንም ማድረግ ትርጉም የለውም። ለዛሬ ሃርድ ዲስክ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከተጻፈበት ይበቃል። እንደ ጸበል ሰባት ጊዜ፣ እንደ ስግደት አርባ ጊዜ መደጋገም አያስፈልግም።

ዲስካችሁ ኤስኤስዲ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ኤስኤስዲ ዕድሜውን ለማርዘም የሚጻፍበትን ቦታ ራሱ ያቀያይራል። «እዚህ ላይ ጻፍ» ብትሉት ሌላ ቦታ ጽፎ አሮጌውን ሊተወው ይችላል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች ሲፈትሹት፣ አንድን ፋይል ለይቶ ለመፋቅ የሞከሯቸው መንገዶች በሙሉ አልሠሩም። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የዲስኩ አምራች በሚሰጠው ፕሮግራም «ሰኪዩር ኢሬዝ» የሚለውን መጠቀም ነው። ሁለተኛውና የተሻለው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ዲስኩን መቆለፍ ነው። በአንዳንድ የዊንዶውስ ዓይነቶች ቢትሎከር፣ በማክ ደግሞ ፋይልቮልት የሚባለው ይህን ያደርጋል። የተቆለፈ ዲስክ ሲሸጥ ቁልፉን ማጥፋት ብቻ ይበቃል፤ የቀረው ማንም የማይፈታው ዝብርቅርቅ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ሪሴት ስታደርጉም «ሪሞቭ ኤቭሪቲንግ» ካላችሁ በኋላ «ክሊን ዴታ» የሚለውን ማብራት አትርሱ።

ፍላሽ ዲስክና ሜሞሪ ካርድ? እነሱን አትሽጡ፣ አትስጡ። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ አስተማማኝ መፋቂያም የላቸውም። መዶሻው የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

ስልክስ? ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የወጡ አብዛኞቹ አንድሮይዶችና የአይፎን ስልኮች ውስጣቸው የተቆለፈ ስለሆነ ፋብሪካ ሪሴት ማድረግ በአብዛኛው ይበቃል። ግን መጀመሪያ ከጉግልና ከቴሌግራም አካውንታችሁ ውጡ፣ ሲሙንና ሜሞሪ ካርዱን አውጡ። ስልኩን ሪሴት አድርጎ ሜሞሪውን እዚያው የተወ ሰው በሩን ቆልፎ መስኮቱን የከፈተ ነው።

የምንጠይቀው

ከራሳችን ጀምረናል፤ አሁን ወደ ሌሎቹ።

ጥገና ቤቶች ሆይ፣ «ፎርማት» ስንላችሁ ምን ማለታችን እንደሆነ ጠይቁን። «ዊንዶውስ ለመጫን ነው ወይስ ልትሸጡት ነው?» አንዲት ጥያቄ ናት። መፋቅ ጊዜ ይወስዳል ካላችሁ አስከፍሉን፤ እንከፍላለን። «እዚህ ዲስክ በትክክል ይፋቃል» የሚል ወረቀት በራችሁ ላይ ብትለጥፉ የመጀመሪያ ደንበኞቻችሁ እኛ ነን።

መሥሪያ ቤቶችም እንደዚሁ። ጋዜጣ ላይ የጨረታ ማስታወቂያ ስናነብ «ያገለገሉ ኮምፒውተሮች» የሚል መስመር እናያለን። በእነዚያ ውስጥ የማን ደመወዝ፣ የማን ክስ፣ የማን የጤና ካርድ ነበር? አሁን ሕግ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይም እንዳያቆየው ያዛል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዲስኩን ሳይፍቅ በጨረታ የሚሸጥ መሥሪያ ቤት መረጃውን ጠበቀ ልንለው አንችልም። የምንጠይቀው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ዲስኩ በዚህ ቀን፣ በዚህ መንገድ፣ በዚህ ሰው ተፍቋል የሚል። ያ ወረቀት ከሌለ ዕቃው ከግቢ አይውጣ።

የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች ሆይ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡን። አንድ ብቻ።

ወደ ላፕቶፑ እንመለስ። ልጁን አግኝተነው ጓደኛው ጥገና ቤት ሄድን። አሳይመንቱን ፍላሽ ላይ ገለበጠ፤ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር አስፋቅነው። ወደ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሻይ ጋበዝነው፤ ሒሳቡን እኔ ካልከፈልኩ ብሎ ተጣላን።

የቀረው ከባዱ ነበር። እንንገራት ወይስ እንተው? ለሁለት ተከፈልን። «ምንም አልደረሰ፣ ለምን እናስደነግጣታለን?» ያሉ ነበሩ። በመጨረሻ ግን ድምፁ የእሷ ነው፤ የት እንደዋለ የማወቅ መብቱም የእሷ ነው አልንና ደወልን። ሁሉንም ነገርናት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«አሁን ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ያኔም እርግጠኛ ነበርሽ» አለችና ዘጋችው።

መልስ አልነበረንም። አሁንም የለንም። ያለን ነገር ቢኖር ይህ ጽሑፍ ነው። በዚህ ሳምንት አሮጌ ላፕቶፕ ወይም ስልክ ልትሸጡ ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ቀን አዘግዩት። ገዢው ይጠብቃል። ውስጡ ያሉትን ሰዎች አስቡና ፍቃችሁ ስጡ።

ቸር እንሰንብት።